ተወካይ ውጭ ይጠብቅ

መምህሩ አፉን ሲከፍት ዝናቡ ጀመረ። ቆርቆሮው ጣሪያ ላይ መጀመሪያ አንድ ሁለት ጠብ ጠብ አለ፤ ከዚያ በአንድ ጊዜ ዱብ ዱብ ሲል የሲቪክ መምህሩ ከንፈር ብቻ እየተንቀሳቀሰ ድምፁ ጠፋ። ለስምንተኛ ለ ተማሪዎች ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ወደዚህ አሮጌ የዕቃ ማከማቻ ከተዛወሩ ዘጠኝ ቀናቸው ነው፤ ከዘጠኙ ቀን ስድስቱን ዘንቧል። የኋላ ወንበር ልጆች ወዲያው ወሬ ጀመሩ፣ የፊቶቹ ደብተራቸውን ከሚያፈሰው ቀዳዳ ሥር አሸሹ፣ መምህሩም እንደለመደው ጠመኔ አንሥቶ ወደ ሰሌዳው ዞረ።

«እንደራሴ» ብሎ ጻፈ። መጨረሻው ላይ የጥያቄ ምልክት አደረገበትና በጣቱ ወደ አንዲት ልጅ ጠቆመ።

ክፍሉ ሁሉ ዞሮ አያት። ካለፈው ወር ጀምሮ ስሟ ይኸው ነው። የተማሪዎች ምክር ቤት ሲቋቋም ከየክፍሉ አንድ እንደራሴ ይመረጥ ተባለ፤ ከስምንተኛ ለ አርባ አራት ተማሪዎች ሠላሳ ሰባቱ ለእሷ እጃቸውን አወጡ። ከዚያ ወዲህ በእውነተኛ ስሟ የሚጠራት ሰው ያለው ቤቷ ብቻ ነው። «እንደራሴ፣ ላጲስ አለሽ?» «እንደራሴ፣ የሒሳቡን ሠራሽው?» በመጀመሪያው ሰሞን ስትጠራ ደስ ይላት ነበር። አሁን ግን በተጠራች ቁጥር ዓይኗን ደብተሯ ላይ ትተክላለች።

መምህሩ ወደ ወንበሯ መጥቶ ጎንበስ አለና ጆሮዋ አጠገብ ጮኸ።

«ሰኞ ሰልፍ ላይ ለእንደራሴዎቹ ባጅ ይሰጣል! ከዚያ በፊት አንድ ሰው የቃሉን ትርጉምና አመጣጥ ሁለት ደቂቃ ይናገር ተብሏል! እኔ አንቺን ጠቁሜያለሁ!»

«እኔን? ለምን እኔን ቲቸር?»

«ምን?»

«ለምን እኔን!»

«ስለማምንሽ ነዋ!» ብሎ ትከሻዋን መታ መታ አደረጋትና ሄደ።

አጠገቧ የተቀመጠችው ጓደኛዋ በደስታ ጎኗን ጎሸመቻት። ይህቺን ጓደኛዋን ሁሉም «ሰበር» ይሏታል፤ ሰበር ዜና ለማለት ነው። ትምህርት ቤቱ ውስጥ አንድ ነገር ከተፈጠረ ቀድማ የምትሰማው እሷ ናት። ካልሰማች ደግሞ ትገምታለች፤ ግምቷንም ቢሆን በዜና አንባቢ ድምፅ ነው የምትናገረው።

«ሰኞ እኮ ያ የስምንተኛ ሀ እንደራሴ፣ ሽቦም፣ መድረኩ ላይ ይቆማል» አለች ሰበር አፏን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ። «ባጅ ሊደረግለት! ትንሽ ሼም የለውም?»

ልጅቷ ያልሰማች መሰለች። ዝናቡ ቢያንስ ለዚህ ጠቀማት።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአንደኛው ሕንፃ ጣሪያ ሊታደስ ስለሆነ እስኪያልቅ ድረስ አንድ ክፍል ወደ አሮጌው የዕቃ ማከማቻ መዛወር ነበረበት፤ ወይ ስምንተኛ ለ፣ ወይ ሰባተኛ ሐ። ርዕሰ መምህሩ ነገሩን ከራሱ ላይ ለማውረድ ይመስላል፣ «የተማሪዎች ምክር ቤት ይወስን» አለ። ስምንተኛ ለ በዕረፍት ሰዓት ተሰብስቦ ተመካከረ። መመካከር እንኳ አይባልም፤ ሁሉም በአንድ አፍ «በፍጹም አንሄድም» ነው ያለው። ዓመቱ መጨረሻ ላይ ትልቁ ፈተና አለባቸው። «ይህንን ተናገሪልን፣ ሌላ ምንም አንልሽም» አሏት። እሷም «ጣጣ የለውም» ብላ ሄደች።

ምክር ቤቱ ላይ ዐሥራ አንድ እንደራሴዎች ነበሩ። የተላከችበትን ጉዳይ አሳምራ ተናገረች፤ ፈተናውን አነሣች፣ ጭንቅላቶችም ሲነቀነቁ አየች። ቀጥላ የሰባተኛ ሐ እንደራሴ ተነሣች። የዩኒፎርሟ እጅጌ ጣቶቿን የሚሸፍን ትንሽዬ ልጅ ናት፤ ወረቀት እንኳ አልያዘችም።

«እኛ ክፍል ሁለት ልጆች ጆሯቸው በደንብ አይሰማም» አለች። «ፊት ነው የሚቀመጡት። የቲቸርን አፍ እያዩ ነው የሚማሩት፤ ትንሽ ትንሽ ደግሞ ይሰማሉ። እዚያ ቤት ግን ዝናብ ሲመጣ...» ብላ ቆመች። ሌላም የምትለው ያላት ትመስል ነበር፤ ግን እንደጠፋባት ሁሉ ቁጭ አለች።

ድምፅ የተሰጠው በወረቀት ነው። እያንዳንዱ ጽፎ አጣጥፎ ባዶ የጠመኔ ካርቶን ውስጥ ይጨምራል፤ ስም አይጻፍም። ልጅቷ ወረቀቷን ይዛ ምን ያህል እንደቆየች አታውቅም። ከሁሉም መጨረሻ የጨመረችው እሷ ነበረች። «8ለ ይሂድ» ብላ ጻፈች። ሲቆጠር ስድስት ለአምስት ሆነ።

በሩ ላይ ግማሹ ክፍል ቆሞ ይጠብቃት ነበር። «እሺ? እንዴት ሆነ? ንገሪና!» እውነቱ አፏ ላይ ነበር። ያኔውኑ ብትናገረው ምናልባት ግማሾቹ ይቆጡ፣ ግማሾቹ ደግሞ ይገባቸው ነበር። ግን የሚጠብቋትን ዓይኖች ስታይ አፏ ከእሷ ቀድሞ ሄደ።

«ታገልኩ» አለች። «በአንድ ድምፅ ተሸነፍን።»

ውሸቱ እዚያ ላይ ቢቆም ኖሮ ቀላል ነበር። ሰበር ግን ወዲያው በጣቷ መቁጠር ጀመረች። ከስምንተኛ ሀ የተመረጠው ቀጭኑ ልጅ፣ ሽቦ የሚሉት፣ ድምፁን ለእነሱ እንደሚሰጥ ከስብሰባው በፊት ቃል ገብቶ ነበር። በእነሱ ስሌት ስድስቱ ድምፅ የእነሱ ነበር። ታዲያ አንዱ የት ገባ?

«ሽቦ ነው!» አለች ሰበር። «ተበላን! ቃል ገብቶ ሿሿ ሠራን!»

«ሽቦ ነው» አለ ሌላው። «ሽቦ ነው» ተባለ በኮሪደሩ ሁሉ። ልጅቷ ጫማዋን እያየች ቆመች። «አይደለም» ማለት አንድ ቃል ነው። አላለችም።

ይኸው እንግዲህ፣ ዘጠኝ ቀን።

መምህሩ ቃሉን ሰሌዳ ላይ በጻፈባት በዚያችው ሐሙስ፣ ከትምህርት በኋላ ዝናቡ አባርቶ የስምንተኛ ክፍል ልጆች ጭቃው ላይ ኳስ ጀመሩ። ከሀም ከለም የተውጣጣ አንድ ቡድን ነበራቸው፤ በረኛው ሽቦ ነው። ጓንቱን እያጠለቀ ወደ ግቡ ሲሄድ አምበሉ እጁን ዘርግቶ አስቆመው።

«ዛሬ አንፈልግህም።»

«ማን ሊቆም ነው?»

«ማንም። ባዶ ግብ ይሻላል፤ ባዶ ግብ አይሸጠንም።»

ሳቁ። እውነትም ግቡን ባዶ ትተው ተጫወቱ። ኳስ ሲገባባቸው ወደ ሽቦ እያዩ ያጨበጭቡ ነበር። ሽቦ ጓንቱን ሳያወልቅ የሜዳው ጥግ ላይ ትንሽ ቆመ፤ ከዚያ ቧንቧው ጋ ውኃ የምትጠጣውን ልጅ አያትና ወደ እሷ መጣ።

«አንቺ እዚያ ነበርሽ» አላት። «እኔ ለእናንተ ነው የጻፍኩት። በቃ፣ ምን ብዬ ላስረዳ? ወረቀቱ ላይ ስም አይጻፍ ያሉት እነሱ ናቸው።»

«አውቃለሁ» አለችው።

«ታውቂያለሽ?»

ቧንቧውን ዘጋችው። «ማለቴ... አምንሃለሁ።»

«ታዲያ ንገሪያቸዋ! አንቺን ይሰሙሻል። እኔ ስናገር ሙድ ነው የሚይዙብኝ።» ጓንቱን አንድ በአንድ አወለቀ። «ካልሆነ ሰኞ ባጁን አልወስድም። መልቀቂያ ጽፌ ለሲቪኩ ቲቸር እሰጣለሁ። ለማያምነኝ ሰው ምን ልሆን ነው እዚያ የምቀመጠው?»

«እሺ» አለች። ምን ለማለት እሺ እንዳለች እሷም አታውቀውም።

ዓርብ ዕለት ሰበር እየሮጠች መጣች። «ሰበር ዜና! የድምፅ መስጫ ወረቀቶቹን ቀዳደው ጥለዋቸዋል! የምክር ቤቱ ጸሐፊ ራሱ ነው የነገረኝ። መዝገቡ ላይ ያለው ‹በድምፅ ብልጫ› የሚል ብቻ ነው። ሽቦ ዕድለኛ ነው፤ ማስረጃ የለም።»

ልጅቷ እንደ መተንፈስ አለች። ማስረጃ የለም። በዓለም ላይ የጻፈችውን የሚያውቅ ከእሷ በቀር ማንም የለም፤ ወደፊትም አይኖርም። ደስ ሊላት ይገባ ነበር። ነገር ግን በዕረፍት ሰዓት አንድ ቦታ መቀመጥ አቃታት፤ ቤተ መጻሕፍት ገባች፣ ወጣች፣ ደብተሯን ረስታ ተመልሳ ገባች።

የቤተ መጻሕፍቱ ትልቅ መዝገበ ቃላት ሽፋኑ በፕላስተር ተጠግኗል። ቃሉን አገኘችው። «እንደ» እና «ራሴ» ከሚሉት የተገጠመ ነው ይላል። ጥንት ንጉሥ ሩቅ አገር ሄዶ ራሱ ማስተዳደር ባልቻለ ጊዜ በእሱ ፈንታ ሆኖ የሚገዛው ሹም እንደራሴ ይባል ነበር። ኋላ ደግሞ ሕዝብ መርጦ ወደ ፓርላማ የሚልከው፣ ሕግ የሚያወጣው ሰው በዚሁ ስም ተጠራ። ሦስት መስመር ብቻ ነው፤ ሁለት ደቂቃ አይሞላም። እሱን ገለበጠችና ከሥሩ «ስለዚህ እንደራሴ ማለት» ብላ ጽፋ ብዕሯን ማኘክ ጀመረች። ደወሉ ሲደወል ከ«ማለት» አላለፈችም።

ቅዳሜ ከእናቷ ጋር ወደ ሥራ ሄደች። እናቷ ሰነድ በሚረጋገጥበት መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ናት፤ ውክልና፣ የስጦታ ውል፣ የምስክር ቃል ትጽፋለች። ቅዳሜ ግማሽ ቀን ቢሆንም ሰው ይበዛል፤ ስለዚህ ልጅቷ አንዳንዴ ወረቀት በስቴፕለር እየያያዘች ታግዛለች። ክፍሏ ጠባብ ናት፦ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ኮምፒውተር፣ ወረቀት እየነከሰ የሚያስቸግር ማተሚያ፣ ለባለጉዳይ ሁለት ወንበር። በሩ ላይ እናቷ በገዛ እጇ በወፍራም እስክሪብቶ የጻፈችው ወረቀት ተለጥፏል፦ «ውክልና ሲነበብ ተወካይ ውጭ ይጠብቅ።»

«እማዬ፣ እንደራሴ ስለሚለው ቃል ምን ታውቂያለሽ?»

«ሰነዱ ላይ በቀን ሃያ ጊዜ እጽፈዋለሁ፤ እንዴት አላውቀውም።» እናቷ ስክሪኑን ወደ እሷ አዞረችው። ጣቷን ያሳረፈችበት መስመር «እኔ በሌለሁበት ሁሉ እንደ ራሴ ሆኖ ጉዳዬን እንዲያስፈጽምልኝ» ይላል። «እኛ ለያይተን እንጽፈዋለን፣ እናንተ አንድ ላይ ገጥማችሁ ባጅ ታደርጉበታላችሁ። ይኸው ነው።»

«‹ራሴ› የሚለው ማን ነው? ሰጪው ነው ተቀባዩ?»

«ሰጪው ነዋ! ተቀባዩማ የራሱ ራስ አለው፣ ማን ነካበት።»

ልጅቷ ልትስቅ ስትል በሩ ተንኳኳ። አንዲት ጠና ያሉ ሴትዮ በአንድ እጃቸው ከዘራ፣ በሌላው የአንድ ጎልማሳ ክንድ ይዘው ገቡ። ጎልማሳው የወንድማቸው ልጅ ነው። ሴትዮዋ ለሕክምና ልጃቸው ዘንድ ሄደው አንድ ዓመት ሊቆዩ ስለሆነ፣ ቤታቸውን የሚጠብቅላቸው እሱ እንዲሆን ውክልና ሊሰጡት ነው የመጡት። ጎልማሳው የመኪና ቁልፉን ጣቱ ላይ እያሽከረከረ ለሁለቱም እሱ ተናገረ።

«እንዲያከራይ በይልኝ እህቴ፣ እንዲያስጠግን፣ ከመንግሥት ቢሮ ጉዳይ እንዲጨርስ፣ እንዲሸጥ፣ እንዲለውጥ። ያው የተለመደውን።»

እናቷ ቀና ሳትል ጻፈች። ማተሚያው ወረቀቱን ነከሰ፣ ተለመነ፣ ተፋ። ከዚያ እናቷ መነጽሯን አስተካከለች።

«እሺ ወንድሜ፣ አሁን እርስዎ ኮሪደሩ ላይ ይጠብቁን።»

«እኔ? እኔ እኮ ነኝ ይዣት የመጣሁት!»

«አውቃለሁ። በሩ ላይ ተጽፏል።»

ጎልማሳው አክስቱን አየ፣ በሩን አየ፣ ወጣ። እናቷ ወንበሯን ወደ ሴትዮዋ አስጠግታ እያንዳንዱን መስመር ቀስ ብላ አነበበችላቸው። ልጅቷ ይህን ብዙ ጊዜ አይታዋለች፤ እናቷ አትቸኩልም፣ ሰጪው ማንበብ ቢችልም ባይችልም ድምፅ አውጥታ ሳታነብ አታስፈርምም። ሴትዮዋም «እንዲያከራይ» ሲባሉ «አዎ»፣ «እንዲያስጠግን» ሲባሉ «አዎ፣ የጓዳው በር» እያሉ ቆዩ። «እንዲሸጥ» ሲባሉ እጃቸውን አንሥተው አስቆሟት።

«ይህንን እኔ ብያለሁ?»

«እሳቸው ናቸው ያሉት። እርስዎስ?»

«እኔማ ያከራይልኝ ነው ያልኩት። ምን ሆኜ እሸጠዋለሁ ልጄ? ልመለስ አይደል እንዴ የምሄደው?»

እናቷ እስክሪብቶ አንሥታ መስመሩን ሰረዘችው። ጎልማሳው ተጠርቶ ሲገባና የተሰረዘውን ሲያይ ፊቱ ቀላ።

«እንዴ፣ ለእሷው ብዬ እኮ ነው! ሌላ ነገር እንዳይመስልሽ እህቴ። ሁለት ፎቅ ደረጃ ነው በዚህ እግሯ የምትወጣው። ይሸጥና ምድር ላይ ያለ ቤት ይገዛላት ብዬ ነው።»

«ውሸቱን አይደለም፣ ደረጃው ፈጅቶኛል» አሉ ሴትዮዋ። ወደ እሱ ዞሩ። «ታዲያ ምነው ሳትነግረኝ?»

«እምቢ ትያለሽ ብዬ።»

«እምቢ ማለቱስ የእኔ አይደለም እንዴ?»

ጎልማሳው ቁልፉን ማሽከርከር አቆመ። ክፉ ሰው አይመስልም ነበር፤ ያፈረ ሰው ነው የሚመስለው። ሴትዮዋ ጉልበቱን መታ መታ አድርገው «ስመለስ መጀመሪያ ያን ምድር ላይ አለ የምትለውን ቤት ታሳየኛለህ» አሉት። ሁለቱም ፈርመው ክንድ ለክንድ ተያይዘው ወጡ።

ልጅቷ እጇ ስቴፕለሩ ላይ ቀርቷል። እናቷ ጎንበስ ብላ አየቻት።

«ምን ሆንሽ? ፊትሽ ልክ አይደለም።»

«ምንም። እማዬ... ተወካዩ ያደረገው ነገር ጥሩ ቢሆንስ? ሰጪው ያላለው ነገር ግን ጥሩ ነገር?»

«ጥሩ ከሆነ መናገር ምን ያስፈራዋል?»

«ሊያባርሩት ይችላሉ።»

«አዎ፣ ሊያባርሩት ይችላሉ» አለች እናቷ። «ውክልና ይሻራል። ለእሱም ፎርም አለን፤ ሁለተኛው መሳቢያ ውስጥ።» ልጇን ትንሽ አየቻት፤ ሌላ ነገር ልትጠይቅ አስባ ተወችው። «ነይ በይ፣ ቀጣዩን ባለጉዳይ ጥሪልኝ።»

እሑድ ለልጅቷ ረዥም ቀን ሆነባት። ያጠበችውን ካልሲ እንደገና አጠበች። ሦስት ወረቀት ጽፋ ሦስቱንም ቀደደች። ሁለቱ በጣም ቆንጆ ነበሩ፤ በጣም ቆንጆ ስለሆኑ ነው የቀደደቻቸው። ለሽቦ ብቻ በግሉ ብትነግረውስ? ያዝንላታል፣ ምናልባትም ይቅር ይላታል፤ ግቡ ግን ባዶ እንደሆነ ይቀጥላል። ወይም ለክፍሉ «ሽቦ እንዳልሆነ አጣርቻለሁ» ብትልስ? ሰበር ወዲያው «ታዲያ ማን ነው?» ትላታለች፤ ሌላ ሰው ይፈለጋል። ጣቷ ሌላ ሰው ላይ እስኪያርፍ ደግሞ ሰበር አትተኛም። አራተኛውን ወረቀት ጻፈች፤ ይህኛው ቆንጆ አልነበረም። አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችውና ሦስት ጊዜ አውጥታ አየችው።

ሰኞ ሰልፍ ሁለት ሰዓት ነው። እሷ አንድ ተኩል ላይ ማከማቻው ውስጥ ነበረች። ልጆቹ አንድ በአንድ ገቡ። ሰበር ስትገባ ዩኒፎርሟን ተኩሳለች፤ ጓደኛዋ መድረክ ላይ ስትወጣ ከፊት ቆማ ልታጨበጭብ ነው።

«ተዘጋጀሽ? በቃልሽ ያዝሽው?»

«ሰበር፣ አንድ ነገር አንብቢልኝ። ለክፍሉ።»

ሰበር ወረቀቱን ስትቀበል እየሳቀች ነበር። መጀመሪያዎቹን መስመሮች በዓይኗ ስታልፍ ሳቋ ቀረ። አንገቷን ቀና አድርጋ አየቻት፣ ወደ ወረቀቱ ተመለሰች፣ እንደገና አየቻት።

«ይሄ ምንድን ነው? ቀልድ ነው አይደል?»

«አይደለም። እንዳለ አንብቢው፣ ምንም አትጨምሪ። እኔ ውጭ ነኝ።»

«ለምን ውጭ? እዚሁ ቆመሽ ንገሪያቸዋ!»

«እዚህ ከቆምኩ ፊቴን አይተው ይተዉኛል። ወይም አለቅሳለሁ። እናንተ ናችሁ የላካችሁኝ፤ እኔ በሌለሁበት ተነጋገሩበት።»

ወጥታ በሩን ከኋላዋ ዘጋች። ወረቀቱ ላይ ያለው ይህ ነው፦

«እንደራሴ ማለት ሌላ ሰው ‹በሌለሁበት እንደ ራሴ ሁንልኝ› ብሎ የላከው ማለት ነው። እናንተ ‹አንሄድም በይ› ብላችሁ ላካችሁኝ። ስብሰባው ላይ እንደዚያ አልኩ። ድምፅ ስሰጥ ግን ‹8ለ ይሂድ› ብዬ ጻፍኩ። ሰባተኛ ሐ ጆሯቸው በደንብ የማይሰማ ሁለት ልጆች አሉ። እዚህ ቤት ዝናብ ሲዘንብ እኛ እንኳ እንደማንሰማ አሁን ታውቃላችሁ። ይህንን መጥቼ ልነግራችሁ ይገባ ነበር፤ እምቢ ትላላችሁ ብዬ ፈራሁ። ታገልኩ ያልኳችሁ ውሸት ነው። ሽቦ ለእኛ ነው የጻፈው። የበላችሁ እሱ ሳይሆን እኔ ነኝ፤ ስትሰድቡትም ዝም አልኩ። ባጁ ለእኔ ይሰጥ ወይስ ሌላ ሰው ትመርጣላችሁ፣ እሱን ወስኑ።»

ከበሩ ውጭ ጣሪያው ትንሽ ወጣ ብሎ የሚያስጠልል ቦታ አለ። እዚያ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። የሰበር ድምፅ መጀመሪያ ተሰማት፤ የዜና አንባቢ ድምፅ አልነበረም። ሁለት መስመር ያህል ሰማች። ከዚያ ቆርቆሮው ላይ ጠብ ጠብ አለ፣ ወዲያው ዱብ ዱብ አለ፣ የተቀረውን ዝናቡ ዋጠው። ጆሮዋን በሩ ላይ ልትለጥፍ እጇን አነሣችና መልሳ ተወችው።

ሽቦ ቦርሳውን ራሱ ላይ ደፍቶ ከስምንተኛ ሀ በኩል እየሮጠ መጣ። እሷን ሲያይ ጣሪያው ሥር ገብቶ ቆመ። እጁ ላይ የታጠፈ ወረቀት ይዟል።

«የመምህራን ቢሮ ተዘግቷል» አለ እየተነፈሰ። «መልቀቂያዬን ልሰጥ ነበር። ምን ትሠሪያለሽ ውጭ?»

«እየተነበበ ነው።»

«ምኑ?»

ዝናቡ ስለሚጮኽ ሁለት ጊዜ መናገር ነበረባት። «ስድስተኛዋ ድምፅ የእኔ ናት። እኔ ነኝ የጻፍኩት። አሁን እየነገርኳቸው ነው።»

ሽቦ ወረቀቱን እንደያዘ አያት። እንደሚጮኽባት ጠብቃ ነበር። ቢጮኽ ይሻላት ነበር።

«ቧንቧው ጋ ስጠይቅሽ ታውቂ ነበር» አለ።

«አዎ።»

«ሁለት ሳምንት ሊሞላኝ ነው እኮ። ወንድሜ ራሱ እቤት ‹ሽያጭ› እያለ ነው የሚጠራኝ።»

«አውቃለሁ። ይቅርታ።»

ከእሷ ሁለት እርምጃ ያህል ራቅ ብሎ እሱም ግድግዳውን ተደገፈ፤ ወደ ቢሮው ግን አልሄደም፣ ወደ ክፍሉም አልተመለሰም። ሁለቱም ግቢው ላይ የሚወርደውን ውኃ እያዩ ቆሙ። ከዝናቡ ሥር፣ ከበሩ ወዲያ፣ ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ሲናገር ይሰማል፤ ምን እንደሚል ግን አይለይም። አንድ ጊዜ ወንበር ወደቀ። ልጅቷ ወደ በሩ ሄዳ ተመለሰች፣ ሄዳ ተመለሰች።

በመጨረሻ በሩ ተከፈተ። ሰበር ናት። ዓይኖቿ ቀልተዋል፣ ወረቀቱ እጇ ላይ ተጨማድዷል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የምትነግረው ዜና የሌላት ትመስል ነበር። ጓደኛዋን አየቻት፣ ቀጥላ ሽቦን አየችውና አንገቷን ደፋች።

«ግቢ» አለች። «ጥያቄ አለን።»

ልጅቷ የጫማዋን ጭቃ ደፉ ላይ ጠረገችና ገባች። በሩን ለሽቦ ክፍት ተወችለት።